የአባቴ የሒሳብ አስተማሪ ሙት ዓመት፦ ከቼናይ እስከ ኩምባኮናም

አባቴ ሒሳብ የተማረው ከሕንዳዊ ነው። በእሱ ዕድሜ ሁለተኛ ደረጃ የገባ ሰው፣ ደሴም ይሁን ጎንደር ወይ ጅማ፣ የሚያወራለት አንድ ሕንዳዊ አስተማሪ አያጣም። በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ሲስፋፋ የአገር መምህር አልበቃ ብሎ ከሕንድ በብዛት መጡ። ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። የተወሰኑት ደግሞ ከጎረቤት ግዛት ከታሚል ናዱ። የአባቴ አስተማሪ ታሚል ናቸው። ከ1964 እስከ 1969 ደሴ አስተምረው አገራቸው፣ ኩምባኮናም ወደምትባል ከተማ፣ ገቡ። ከአባቴ ጋር ግን መጻጻፍ አልተዉም። ደብዳቤው ኢሜይል ሆነ፣ ኢሜይሉ ዋትሳፕ ሆነ።

የካቲት 1 ቀን 2016 በ84 ዓመታቸው አረፉ። ቤተሰቡ ሁሉ ታታ ይላቸዋል፣ አያት እንደማለት ነው። እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እላለሁ። በ2017 ታኅሣሥ ላይ የልጅ ልጃቸው "ሙት ዓመቱ ጥር 21 ነው፣ ብትመጡ ደስ ይለናል" ብሎ ጻፈልን። አባቴ በጣቱ ቆጠረና "አሥር ቀን ይጎድለዋል" አለ። ሒሳብ የተማረ ሰው ምን ይደረጋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ታሚሎች ሙት ዓመት የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው። ታታ ያረፉት ታይ በሚሉት ወራቸው፣ ጨረቃ ጨርሳ በጠፋችበት ቀን ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ይፈለጋል። ያ ቀን በ2017 ከእኛ አስተርእዮ ማርያም ጋር ገጠመ። አባቴ ይህን ሲሰማ ክርክሩን ተወ። "በእመቤታችን የዕረፍት ቀን? በይ ሂጂልኝ" አለኝ። እሱ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና፣ አንድ ጋቢና ብዙ ሰላምታ አሸክሞ ላከኝ።

ጥር 18፣ ቼናይ

የታሚል ናዱ ዋና ከተማ ቼናይ በጥርም ትሞቃለች። ከቦሌ የለበስኩት ሹራብ ገና ፓስፖርት ሳላስመታ ክንዴ ላይ ነበር። የልጅ ልጁ በር ላይ ጠበቀኝ። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ እንግሊዝኛው ፈጣን የሆነ ልጅ ነው። ከሰላምታ ቀድሞ "ባቡራችን ማታ ነው፣ ቦታ ግን በደንብ አላገኘንም" አለኝ። በዚህ ግልጽነቱ ወደድኩት።

ቀኑ እሑድ ነበር፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 26፣ የሕንድ የሪፐብሊክ ቀን። ባጃጁም ሞተሩም ትንንሽ ባንዲራ ሰክቷል። ከኤርፖርቱ ፊት ለፊት ቲሩሱላም የሚባል የከተማ ባቡር ጣቢያ አለ። ሻንጣ እየጎተትን ተሻገርን። የማታው ባቡር እስከሚነሳበት እስከ ኤግሞር ጣቢያ ድረስ የከፈልነው 10 ሩፒ ነው። ያኔ አንድ ሩፒ አንድ ብር ተኩል ገደማ ስለነበር 15 ብር መሆኑ ነው። በ15 ብር ከቦሌ ኤርፖርት የት እንደሚደረስ እናንተው አስሉት።

ኤግሞር አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ከሩዝ ሊጥ የሚጋገር ዶሳ የሚባል ስስ ቂጣ በላን፣ 90 ሩፒ። በእጅ ነው የሚበላው። ሌላ አገር ስሄድ ሹካና ቢላ ሳማርጥ ምግቡ ይቀዘቅዛል። እዚህ እጄን ታጥቤ ቁጭ ማለት ብቻ። አስተናጋጁ አንድ ጊዜ አይቶኝ ሳምባር የሚሉትን የክክ ወጥ ጨምሮ አፈሰሰልኝ፣ እንግዳ መሆኔን ረሳ።

የባቡሩ ነገር ግን ልጁ እንዳለው ሆነ። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ሞልቷል። የደረሰን "አር ኤ ሲ" የሚሉት ትኬት ነው። ባቡሩ ላይ መሳፈር ይቻላል፣ አልጋው ግን ለሁለት ሰው አንድ ነው። እኔን ከአንዲት ወፈር ካሉ እናት ጋር መደቡኝ። ቋንቋ አንግባባም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እግራቸውን ዘርግተዋል፣ እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌአለሁ። በካሳው በሙዝ ቅጠል ከተጠቀለለ፣ በተምር ሂንዲ ከተሠራ ሩዛቸው አካፈሉኝ። ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ፣ ኦቾሎኒ ያለበት ነው። ለዚያ ሩዝ ሲባል እግራቸውን ይቅር አልኩ። ትኬቱ 300 ሩፒ እንኳን ስላልሞላ ማንንም መውቀስ አልችልም።

ጥር 19፣ ኩምባኮናም

ኩምባኮናም የደረስነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከቼናይ በስተደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የካቬሪ ወንዝ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየሆነ ወደ ባሕር የሚወርድበት ለጥ ያለ የሩዝ አገር ነው። ከጣቢያው ቤት ድረስ ባጃጅ 150 ሩፒ ጠየቀን፣ ልጁ በ120 ጨረሰ።

ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። ከመንገድ ገብተህ ክፍል በክፍል እያለፍክ ጓሮ ጉድጓድ ውኃው ጋ ትወጣለህ። ከበሩ ፊት ከሲሚንቶ የተሠራ ከፍ ያለ መደብ አለ፣ ቲናይ ይሉታል። ታታ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ያስጠኑ የነበሩት እዚያ ላይ ነው። መደቡ መሐል ላይ ቀለሙ ጠፍቷል፣ መቀመጫቸው ነበር።

በሩን ስናልፍ ሦስት ሕፃናት ተሰልፈው ጠበቁኝ። አንደኛዋ እጇን አጣምራ በጥሩ አማርኛ "ዝም በል!" አለችኝ። ሁለተኛው "ቁጭ በል!" አለ። ትንሹ ትንሽ አሰበና "ጎበዝ!" ብሎ ሮጠ። ታታ ከደሴ ይዘውት የመጡት አማርኛ የክፍል ውስጥ አማርኛ ነው። ለልጅ ልጆቻቸው ያወረሱትም ይህንኑ ነው። የሚስታቸው የፓቲ አማርኛ ግን የገበያ ነው። ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረበ፣ አጭር፣ ፈርጠም ያሉ ሴት ናቸው። ሻንጣዬን ከፍቼ ጋቢውን ስሰጣቸው ጥለቱን በጣታቸው እያሹ "ስንት ነው?" አሉ። ዋጋውን ነገርኳቸው። "ውድ ነው! ቀንስ!" አሉ። ገዝቼዋለሁ እኮ ፓቲ፣ ከማን ልቀንስ?

ከዚያ ቡና መጣ። ኩምባኮናም በቡናዋ ስመ ጥር ናት። በመላው ታሚል ናዱ አውራ መንገድ ዳር "ኩምባኮናም ዲግሪ ኮፊ" የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ቤት ሞልቷል። በነሐስ ብርጭቆና ጎድጓዳ ማስቀመጫ ነው የሚቀርበው። ከአንዱ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው እየገለበጡ ያቀዘቅዙታል፣ አረፋ ያወጣል። ወተቱ ብዙ፣ ስኳሩ ብዙ፣ ቡናው ውስጥ ደግሞ ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ይደባለቃል። ጣፋጭ ነው፣ በቀን አራት ጊዜ ጠጣሁት። ቡና ነው ብዬ ግን አልፈርምም።

ግድግዳው ላይ የታታ ፎቶ ተሰቅሏል። አበባ ተንዠርጎለት፣ መስታወቱ ላይ ግንባራቸው አካባቢ ቀይ ዱቄት ተቀብቶለት፣ ከሥሩ ትንሽ አምፖል በርቶለት። አጠገቡ ሌላ ፎቶ አለ። ታታና ፓቲ እንደ ሙሽራ አጊጠው፣ አበባ አንገታቸው ላይ፣ ሁለቱም ግን ሽበታም ናቸው። ታሚሎች ዘንድ ባል 60 ዓመት ሲሞላው የገዛ ሚስቱን እንደገና ያገባል። ልጆች ናቸው የሚድሩት። ቲሩካዳዩር የሚባል ቤተ መቅደስ ለዚህ ይታወቃል፣ እነሱም እዚያ ሄደው ተጋቡ። "ምን ተሰማዎት?" ብዬ ፓቲን አስጠየቅኳቸው። "ወርቁን በኪሎ ያስመዝን ነበር" አሉ። "ሁለተኛ ጊዜ ስታገባ ቅናሽ አለ ወይ ብሎ ካህኑን ጠየቀ።"

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። የበኩር ልጃቸው ከሲንጋፖር፣ ሴት ልጃቸው ከኮይምባቶር ከነልጆቻቸው መጡ። ማታ ምንጣፍ ተነጠፈና ሴቶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረን ተኛን። ኮርኒሱ ላይ የሚዞረው ማራገቢያ በየደቂቃው "ቀጭ" ይል ነበር። ታታ ለሃያ ዓመት እሠራዋለሁ እያሉ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መክፈል እንቢ ያሉት ማራገቢያ ነው አሉኝ። አሁን ደግሞ ማንም ሊያሠራው አይፈልግም።

ጥር 20፣ ገበያና የራማኑጃን ቤት

በጠዋት ከልጁና ከአክስቱ ጋር ለነገው ልንገዛ ወጣን። አክስቱን ሁሉም አታይ ይሏቸዋል። በነጋታው በከተማው ሁሉ አማቫሳይ ነው። በየወሩ ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ለሞቱ ወላጆች ነው፣ የታይ ወር አማቫሳይ ደግሞ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ነጋዴውም ይህን ያውቃል። ጥሬ ሙዝ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆኗል። የሙዝ ቅጠል አንዱ 10 ሩፒ። አታይ ተናደዱ። "በአባቴ ሞት ማንም አያተርፍም" ብለው ሦስት ሱቅ አዞሩን። በመጨረሻ የመጀመሪያው ሱቅ ተመልሰን በመጀመሪያው ዋጋ ገዛን። መርካቶ ያለሁ መሰለኝ።

ያመጣሁትን ቡና ደግሞ ቆልቶ የሚፈጭ ሱቅ ወሰድነው። ባለሱቁ ጥሬውን በመዳፉ አገላብጦ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ አለኝ። ቀጥሎ "ቺኮሪ ስንት ላድርግ?" አለ። አታይ ያለማመንታት "ሃያ በመቶ" አሉ። ለመንኩ። ድርድሩ በሁለት ከረጢት ተጠናቀቀ፦ አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ የተደባለቀ። ንጹሑን ማን እንደጠጣው እስካሁን አላውቅም። የተደባለቀው በነጋታው አለቀ።

ዕቃውን ቤት አድርሰን እኔና ልጁ ሳራንጋፓኒ ቤተ መቅደስ ወደሚያስወስደው መንገድ ሄድን። እዚያ መንገድ ላይ ሽሪኒቫሳ ራማኑጃን ያደገበት ቤት አለ። ሒሳብ የሚወድ ሰው ስሙን ያውቀዋል። በፈረንጆቹ 1887 ተወልዶ በ1920 ገና በ32 ዓመቱ የሞተ፣ ዓለምን ጉድ ያሰኘ ሊቅ ነው። ቤቱ አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ጣሪያው የሸክላ ክዳን ነው። አንድ መኝታ፣ አንድ ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት፣ አንድ ኩሽና። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እኛ ግን ብዙ ቆየን፣ ምክንያቱም ልጁ የታታን ነገር እዚያ ጀመረ።

ታታ አዲስ ተማሪ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ወደዚህ ቤት ይወስዱት ነበር። ተማሪው ስለ ሊቁ ውዳሴ ሲጠብቅ፣ እሳቸው "ይህ ልጅ ለምን የኮሌጅ ስኮላርሺፑን እንዳጣ ታውቃለህ?" ይላሉ። እውነት ነው፣ ራማኑጃን ከሒሳብ ሌላ ያለውን ትምህርት ችላ ብሎ ወድቆ ስኮላርሺፑ ተነጥቋል። "እሱ ሊቅ ስለሆነ ተረፈ። አንተ ሊቅ አይደለህም። ስለዚህ እንግሊዝኛህን አጥና!" ብለው ወደ ቤት ይመልሱታል። አባቴም እንግሊዝኛውን የተማረው ከሒሳብ አስተማሪው ነው የሚለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ዳራሱራም ያለውን የድሮ ቤተ መቅደስ ልናይ ሄድን፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በታሚል ናዱ ተራ የከተማ አውቶቡስ ላይ ሴት አትከፍልም፣ ከ2021 በፈረንጆቹ ጀምሮ እንዲህ ነው። ትኬት ቆራጩ የማን አገር ሰው እንደሆንኩ ሳይጠይቅ ዜሮ የተጻፈበት ትኬት ሰጠኝ። ልጁ ከፈለ። በጣም ተደሰትኩ። ቤተ መቅደሱ በ12ኛው መቶ ዘመን በቾላ ነገሥታት የተሠራ ነው፣ የፊት አዳራሹ ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ ሆኖ ተቀርጿል። የድንጋዩ ጥርብ ያምራል፣ ድንጋዩ ግን በባዶ እግር ያቃጥላል። ከጥላ ጥላ እየዘለልን አየነው።

ማታ መብራት ጠፋ። የእንግዶቹ ቁርስ ኢድሊ ነው፤ ሩዝና ምስሩ ተፈጭቶ ሌሊቱን ማደርና መቡካት አለበት። መፍጫው በመብራት ነው። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ አታይ ጓሮ ያለውን የድሮ የድንጋይ ወፍጮ አሳጠቡና የሲንጋፖሩን ወንድማቸውን በጣት ጠሩት። ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው ሸሚዙን አውልቆ በሻማ ብርሃን ወፍጮ ዞረ። ፓቲ አጠገቡ ተቀምጠው ያዙታል። ያን ጊዜ ነው ስለ እንጀራ ያላቸውን አስተያየት የነገሩኝ። ደሴ ሩዝ እንደ ልብ ስለማይገኝ ጤፉን ለምደውት ነበር። "እንጀራ ጥሩ ነው" አሉ። "ዶሳ ማገላበጥ የሰነፈ ሰው የሠራው ነው።"

ሊጡ ተፈጭቶ ሲያልቅ መብራት መጣ።

ጥር 21፣ አማቫሳይ

ሌላ ቀን ሴቶቹ በማለዳ ደጃፉን አጥበው በሩዝ ዱቄት አበባ መሳይ ሥዕል ይሥላሉ። ዛሬ የለም። የሙታን ሥርዓት የሚደረግበት ቤት ሥርዓቱ እስኪያልቅ አይሥልም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ብዙው ደጃፍ ባዶ ነበር።

ወንዶቹ ካቬሪ ሲወርዱ አብሬ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ያለው ደረጃ በሰው ተጥለቅልቋል። ውኃው ከላይ ከሜቱር ግድብ ነው የሚለቀቀው። በልማድ ለሩዙ ከጁን 12 እስከ ጃንዋሪ 28 ይከፈታል፣ እኛ የወረድነው ጃንዋሪ 29 ነው። ውኃው ከጉልበት አያልፍም፣ ግን ይሄዳል። ወንዶቹ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው፣ ጣታቸው ላይ ከሣር የተጠመዘዘ ቀለበት አድርገው፣ ጥቁር ሰሊጥና ውኃ በአውራ ጣታቸው በኩል እያፈሰሱ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ይጠራሉ። ሦስት ትውልድ።

እዚህ ላይ ዘመድ የሆንኩ መሰለኝ። ታሚሎችም እንደኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የላቸውም። ስማቸው ፊት የምትቆመው አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል የአባት ስም መነሻ ናት። የሲንጋፖሩ ልጅ ሲንጋፖር ውስጥ ፎርም ሲሞላ የሚገጥመው ጣጣ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ከሚገጥማት ጋር አንድ ነው፦ አባትህ በስምህ ይጠራል፣ አንተ በአባትህ።

ዋናው ሥርዓት ቤት ውስጥ ነው። የቤተሰቡ ካህን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብለው ነበር። 4 ሰዓት ሆነ፣ 5 ሆነ። ወንዶቹ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሲደወልላቸው "ሁለት ቤት ይቀረኛል" ይላሉ። በዚህ ቀን በከተማው ያለ ካህን ሁሉ ተይዟል። እኛም አገር በአንድ ቀን አምስት ሠርግ ያለበት ቄስ አውቃለሁ። የሲንጋፖሩ ሰው ወዲያ ወዲህ ሲል ፓቲ "አባትህ ቢኖር ኖሮ የዘገየበትን በደቂቃ አስልቶ ከክፍያው ይቀንስ ነበር" አሉት።

ካህኑ 7 ሰዓት ላይ በሞተር ሳይክል ደረሱ፣ ልብሳቸው ውኃ ነክቶታል፣ ስልካቸው ይጮኻል። ሥራቸውን ግን አላቻኮሉም። እሳት ተነደደ፣ ቅቤ ተጨመረ፣ ሩዙ ተድቦልቡሎ ከሰሊጥ ጋር በሣሩ ላይ ተቀመጠ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከጀርባ ተቀምጫለሁ። ከኩሽና የሚመጣው ሽታ ጸሎት አያስጸልይም።

ሲያልቅም አይበላም። መጀመሪያ ለቁራ ነው። ሙታን በቁራ በኩል ይመጣሉ ይላሉ። ከተሠራው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ተወስዶ በሙዝ ቅጠል ጣሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ቁራ ሲቀምሰው ሰው ይቀመጣል። የሲንጋፖሩ ልጅ ቅጠሉን አስቀምጦ "ካ! ካ! ካ!" እያለ ጠራ። ሁለት ቁራዎች የጎረቤት አጥር ላይ አሉ። አይተውናል። አይመጡም። ለካ ከጠዋት ጀምሮ በመንገዱ ያለ ቤት ሁሉ ሲያበላቸው ውሏል፣ ጠግበዋል።

አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። የተለያየ አስተያየት መጣ። አንዱ "ታታ ተቆጥተዋል፣ ማራገቢያውን እናሠራ ስላልን ነው" አለ። ሌላው "ቫዳው ላይ ጨው በዝቷል" አለ፣ ቫዳ በዘይት የሚጠበስ የክክ ቂጣ ነው። ፓቲ ከታች ሆነው በታላቅ ድምፅ ወደ ጣሪያው ተናገሩ። ልጁን ምን አሉ አልኩት። "ምግብ አታባክን እያልክ ስልሳ ዓመት ነዝንዘኸኛል፣ አሁን ና ብላ!" ነው ያሉት። ሁሉም ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ቁራ መጥቶ ቫዳውን ብቻ አንስቶ ሄደ። ጨው አልበዛም ነበር ማለት ነው።

መሬት ላይ በረድፍ ተቀመጥን፣ ለእያንዳንዱ አንድ የሙዝ ቅጠል። በዚህ ቀን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ካሮት አይገባም። ማቃጠያው ቃሪያ ሳይሆን ቁንዶ በርበሬ ነው። ጥሬ ሙዝ በኮኮናት፣ ዱባ፣ መራራ አትክልት፣ ሩዝ፣ ክክ፣ የሰሊጥ ድቡልቡል፣ ቫዳ። እኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረብኝ፦ ረቡዕ ነው። ቅቤና እርጎ አልበላም አልኩ። አታይ ማንካውን እንደያዙ ደነገጡ። ሥጋ የማይበላ ሰው ያውቃሉ፣ ራሳቸውም አይበሉም፣ ቅቤ የማይበላ ግን አይተው አያውቁም። ፓቲ ግን "ጾም" አሉ በአማርኛ። "ረቡዕ፣ ዓርብ። ደሴ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል።" በዚህ አለፈ። ደግነቱ ጣፋጩ ፓያሳም በኮኮናት ወተት የተሠራ ነበር፣ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

እዚያ ምግብ ላይ የሰማሁትን ወሬ አልረሳውም። እኛ ጋ ሙት ዓመት ላይ ሟች ጥፋት የለውም። ደግ ነበር፣ ቸር ነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም ይባላል፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ወጡን ይበላል። እነዚህ ሰዎች ታታን አሟቸው። አንድ የወንድም ልጅ የሠርግ መጥሪያ ሲልክላቸው ስህተቱን በቀይ እስክርቢቶ አርመው፣ ከአሥር ሰባት ሰጥተው መልሰው ላኩለት። የካላንደር ገጽ ጀርባ ላይ ካልሆነ አይጽፉም ነበር። የልጅ ልጅ ገንዘብ ሲጠይቃቸው ይሰጣሉ፣ ግን መጀመሪያ ወለዱን በቃል ያሰላል። ከቲናዩ ተማሪዎች የመጡ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ። አንዱ ባንክ ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ አለንጋው ያረፈበትን ቦታ አሳየን። በኩራት ነው የሚያሳየው። እኔ የአለንጋውን ነገር አልወደድኩትም፣ አባቴም ተመሳሳይ ቦታ አለው። ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ስለ እሳቸው ሲያወራ የተሰላቸ አልነበረም። ሰውየው አሁንም ሊነዘንዛቸው የሚችል ይመስል ነበር። በፍጹም ደግነት የተወራለት ሟች እንዲህ አይቀርብም።

ትንሿ ልጅ ሩዝ አስተርፋ ልትነሳ ስትል ግን ሳቁ ቆመ። ማንም ሳይቆጣት አያቷ ቅጠሏን በጣታቸው አሳዩአት። ተመልሳ ተቀመጠች። ፓቲ በኋላ ነገሩኝ። በ1965 የወሎ ድርቅ ጊዜ ከገጠር የተሰደደው ሕዝብ ደሴ ዙሪያ መንገድ ዳር ይተኛ ነበር። ታታ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያዩታል። ስለዚያ ብዙ አያወሩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቅጠል ላይ የተረፈ ሩዝ አይተው ዝም ያሉበት ቀን የለም።

ስንጨርስ አታይ ቅጠሉን ወደ ውጭ፣ ከራሴ አርቄ እንዳጥፍ አሳዩኝ። ወደ ራስ የሚታጠፈው ለደስታ ነው፣ እንዲህ ያለው ቀን እንዳይደገም ነው ወደ ውጭ የሚሆነው።

ጥር 22፣ ሣጥኑና ታንጃቩር

ጠዋት ደጃፉ ላይ ሥዕሉ ተመልሷል። የሲንጋፖሩ ልጅ የታታን የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ። ውስጡ የቀድሞው ፓስፖርት፣ የደሴ ፎቶዎች፣ የአባቴ ደብዳቤዎች በክር ታስረው፣ ሁለት የኢትዮጵያ ሳንቲም፣ እና አንድ ሰማያዊ ደብተር። ደብተሩ የውጤት ነው። ክፍል በክፍል፣ በጥንቃቄ በተጻፈ እንግሊዝኛ። የአባቴን ስም ፈለግን።

አባቴ ዕድሜ ልኩን በሒሳብ አንደኛ ነበርኩ ሲለን ነው የኖረው። እኔ በዚህ ምክንያት ነው አሥረኛ ክፍል ስወድቅ ሦስት ሳምንት ያልተናገረኝ። የ1966 የመጀመሪያ መንፈቅ፦ 41። ከመቶ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። "ታይቷል" የሚለው ሰማያዊ ምልክት መጣ፣ መልስ ግን የለም።

ከሰዓት ወደ ታንጃቩር በአውቶቡስ ወጣን፣ 40 ኪሎ ሜትር ነው። አጨዳ ስለሆነ ገበሬዎች ሩዛቸውን አስፋልቱ ላይ አስጥተዋል። የመንገዱ ግማሽ እህል ነው፣ ግማሹ መኪና። ሾፌሩ እጁን ከጥሩምባው ሳያነሣ ይነዳል፣ ከእህሉ ላይ ግን አንዴም ጎማ አላሳረፈም። አንድ ቦታ ላይ ግን የመጣ የጭነት መኪና ጠርዝ አስይዞን አውቶቡሱ ቦይ ውስጥ ተንሸራተተ። ወንዶቹ ወርደው ገፉ። ሴቶቹ ተቀምጠን መመሪያ ሰጠን። አንድ ሰዓት ጠፋብን።

የታንጃቩሩ ትልቁ ቤተ መቅደስ በፈረንጆቹ 1010 በንጉሥ ራጃራጃ ዘመን የተጠናቀቀ ነው። ግንቡ ከ60 ሜትር ያልፋል፣ ሙሉ በሙሉ ግራናይት ድንጋይ። ቀና ብዬ ሳየው ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው። ሰላምታ የለም።

"ያ ፈተና አራተኛው ጥያቄ ስህተት ነበረው" አለ። "ያኔም ነግሬያቸዋለሁ። አልሰሙኝም።"

"ምን ነበር ጥያቄው?"

ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ጥያቄ ከነቁጥሩ ነገረኝ። ሁለት ባቡሮች፣ የተለያየ ፍጥነት፣ አንድ ድልድይ። ልጁ አጠገቤ ሰምቶ ትኬታችን ጀርባ ላይ አሰላው። "ጥያቄው ትክክል ነው" አለ፣ "ታታ ስህተት አይጽፉም።"

"ማነው እሱ? ስጪው ስልኩን" አለ አባቴ። ሰጠሁት። እነሱ ሲከራከሩ የቼናዩ ባቡር ሊያመልጠን ሆነ፣ ሻንጣውን እየጎተትኩ ቀድሜ ወደ ባጃጁ ሄድኩ።